እስከ መቼ ነው የምውጠው?

ጊዜው 2016 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። የምሠራው ከደሴ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ግፊትና ስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ ነው።

አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ገቡ። ስለካቸው 190/110። ደንግጬ ደገምኩት። ያው ነው።

«እማማ፣ ክኒኑን እየወሰዱ ነው?»

ዝም ብለው መቀነታቸውን ፈቱ። በፌስታል የተጠቀለለ አምሎዲፒን አወጡ። ከሠላሳው ፍሬ የጎደለው ሁለት ብቻ ነው። ተቆጣኋቸው። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስንቆጣቸው እኮ በሚቀጥለው ይደብቁናል።

ልጁ ፈራ ተባ እያለ ስልኩን ከፈተ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ነው። የግፊት ክኒን ኩላሊት ይጨርሳል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው አፍልታችሁ ጠጡ ይላል። ከጓደኛው ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያቀባብለው መተግበሪያ፣ በዜንደር፣ የተቀበለው ቪዲዮ ነው። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሁለት ወር አልፎታል፤ ቪዲዮው ግን ከስልክ ስልክ ይዞራል። ሰውየው ሐኪም ይሁን አይሁን በምን ያጣሩ? ኔትወርክ ቢኖርስ? ደህና ደህናው የሕክምና መረጃ በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጁ ደግሞ ገና ስምንተኛ ክፍል። እማማ አያነቡም። የሚያዩት እሱ የከፈተላቸውን ነው። ሰውየው ደግሞ በአማርኛ፣ ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው።

«ታዲያ መጥተው ቢጠይቁኝስ?»

«ጠይቄሽ ነበር እኮ ልጄ። እስከ መቼ ነው የምውጠው ብልሽ፣ ‹ሁልጊዜ› ብለሽኝ ሌላ ሰው ጠራሽ።»

ትዝ አለኝ። የገበያ ቀን ነበር፣ በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ሁለት ሰዓት በእግር የመጡትን ሴት በአንድ ቃል ሸኘኋቸው።

ወንበሬን አስጠጋሁ። ኩላሊትን የሚጎዳው ዝም የተባለ ግፊት ራሱ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሕመም ስላልተሰማቸው ድነዋል ማለት እንዳልሆነ፣ ክኒኑም የሚሠራው በየቀኑ ሲወሰድ እንደሆነ ጨመርኩ። ሽንኩርቱን በወጥ ይብሉት፣ በክኒኑ ፋንታ ግን አይሆንም አልኳቸው። ልጁ «ልቅዳው?» አለኝ። ቅዳው አልኩት። ከመጀመሪያው ደግሜ፣ ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

በሳምንቱ መጡ፤ 150/90። «አብሽሪ፣ እየዋጥኩ ነው» አሉኝ። ከኋላቸው አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ቆማለች። የተቀዳውን ድምፅ ከጎረቤት ሰምታ ልትለካ የመጣች ናት።