ፈረሱ ባያሸንፍስ?

የምሠራው በእንግሊዝ አገር፣ ለካንሰር ሕሙማን መርጃና ለምርምር የሚውል ገንዘብ በሚያሰባስብ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራዬ የንግድ ድርጅቶች የእኛን ስምና አርማ ይዘው ዕቃ ወይም አገልግሎት ለመሸጥ ሲፈልጉ የሚቀርቡትን ውሎች መመርመር ነው። አብዛኞቹ ውሎች የሚያስገርም ነገር የሌለባቸው ናቸው፤ የልደት ካርድ የሚሸጥ ከእያንዳንዱ ካርድ ይህን ያህል ሳንቲም እሰጣለሁ ይላል፣ ሻይ ቤት ያለው ደግሞ ከእያንዳንዱ ኬክ። ለረጅም ጊዜ ጠረጴዛዬን ያስጨነቀው ግን የአንድ እሽቅድምድም ፈረስ ውል ነበር።

በብሪታንያ የእሽቅድምድም ፈረስ ማሳደር የባለጠጋ ሥራ ነው። አሠልጣኙ በየቀኑ ሒሳብ ያስከፍላል፤ ኮቴውን በብረት የሚያለብሰው ባለሙያ፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ፈረሱን ወደ ውድድሩ ሜዳ የሚያደርሰው መኪና፣ የምዝገባው ክፍያና የጋላቢው አበል ከዚያ ላይ ይደመራሉ። ፈረሱ ቆሞም ይበላል፣ ታሞም ይከፈልለታል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ተሰባስበው አንድ ፈረስ በጋራ ይይዛሉ። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው፦ በአንደኛው አባሉ ከፈረሱ ላይ በእርግጥ ድርሻ ይገዛል፤ በሁለተኛው፣ ክለብ በሚባለው፣ አባሉ ዓመታዊ መዋጮ ከፍሎ የባለቤትነት ስሜቱን ይጋራል እንጂ ፈረሱ የእሱ አይደለም። በጋራ ባለቤትነት ከተገኙ ድሎች ሁሉ በይበልጥ የሚወራው ድሪም አሊያንስ የተባለው ፈረስ ታሪክ ነው። በዌልስ አንዲት የማዕድን ሠራተኞች መንደር 23 ሰዎች በሳምንት አሥር አሥር ፓውንድ እያዋጡ ያሳደጉት ይህ ፈረስ እ.ኤ.አ. በ2008 በውድድር ላይ የእግሩ ጅማት ክፉኛ ተቆርጦ በግንደ ሕዋስ ታክሞ ከዳነ በኋላ፣ በ2009 መጨረሻ በቼፕስቶ የሚካሄደውን የዌልስ ግራንድ ናሽናል የተባለውን ታላቅ የፈረስ እሽቅድምድም አሸንፏል። ድርሻ የሚሸጡ ሰዎች ይህን ታሪክ ሁልጊዜ ይጠቅሱታል፤ ያላሸነፉትን ፈረሶች ግን የሚጠቅስ የለም።

ወደ እኛ የመጣውም ድርሻ የሚሸጥ ድርጅት ነበር። በማስታወቂያው ላይ የፈረሱ ፎቶግራፍና የእኛ አርማ ጎን ለጎን ታትመዋል፤ ከሥሩም ድርሻ የገዛ ሁሉ ካንሰርን በመዋጋት እንደሚሳተፍ የሚገልጽ አንድ መስመር አለ። ውሉ የተፈረመው እኔ ወደዚያ ክፍል ከመዛወሬ በፊት ነበር። ወሳኙ አንቀጽ፣ ከውድድር ዘመኑ የሽልማት ገንዘብ ላይ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ግማሹ ለበጎ አድራጎት ድርጅቱ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። አንቀጹን ሳነብ ሐሳቤ ያረፈው «ወጪ ከተቀነሰ በኋላ» በሚለው ሐረግ ላይ ነበር፤ ሆኖም ማንም ቅሬታ ስላላቀረበ ጉዳዩ ለዓመታዊው ክለሳ ተራውን እየጠበቀ ነበር።

ተራውን ያስቀደመው የአንዲት አረጋዊት ስልክ ነው። ባለቤታቸው በካንሰር ሞተውባቸዋል፤ ለመታሰቢያቸውም ከልጆቻቸው ጋር ተማክረው አንድ ድርሻ ገዝተዋል። ፈረስ ወዳድ የነበሩት ባለቤታቸው ቢያውቁ ደስ እንደሚላቸው ነገሩኝና፣ «ከከፈልነው ገንዘብ ለእናንተ የደረሰው ስንት ነው? ለልጆቼ ልንገራቸው ብዬ ነው» ሲሉ ጠየቁኝ። በድምፃቸው ቁጣም ጥርጣሬም አልነበረም። መዝገቡን አይቼ እንደምደውልላቸው ነገርኳቸው።

መዝገቡ ውስጥ ምንም አልነበረም። ፈረሱ ጥቂት ጊዜ ሮጦ የሽልማት ገንዘብ ከሚያስገኙት ቦታዎች ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ከዚያም በአንድ እግሩ ጅማት ላይ እብጠት ታይቶ ወደ ዕረፍት ተላከ። የፊት እግር ጅማት ጉዳት በእሽቅድምድም ፈረሶች ላይ የተለመደ ነው፤ ለመዳንም ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈልጋል። ነገር ግን ፈረሱ ጤነኛ ሆኖ አንድ ሁለት መጠነኛ ውድድር ቢያሸንፍ እንኳ ለእኛ የሚደርስ ነገር አይኖርም ነበር፤ ምክንያቱም በአነስተኛ ውድድሮች የሚገኘው ሽልማት የአንድ ፈረስን ዓመታዊ ወጪ አይሸፍንም። ገዢው የከፈለው ገንዘብ በሙሉ ፈረሱን መግዣና ማሳደሪያ ሆኗል። ይህ በራሱ ነውር አልነበረም፤ ድርሻ ማለት ይኸው ነውና። ነውሩ ገዢው ሌላ ነገር የገዛ እንዲመስለው መደረጉ ላይ ነበር።

በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ ለእንዲህ ያለ ነገር መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የበጎ አድራጎት ሕግ፣ ነጋዴ ሆኖ በበጎ አድራጎት ስም የሚሸጥ ማንኛውም ወገን ከድርጅቱ ጋር በጽሑፍ እንዲዋዋልና ለገዢው ደግሞ ገንዘቡ ለየትኛው ድርጅት እንደሚሄድ፣ ምን ያህል እንደሆነ ወይም መጠኑ እንዴት እንደሚሰላ እንዲነግር ያስገድዳል። የጽሑፍ ውሉ ነበረን። ማስታወቂያው ግን የድርጅታችንን ስም ከመጥራት በቀር ስለ መጠኑም ስለ ስሌቱም አንዲት ቃል አይናገርም ነበር።

ሌላም ነገር ተገኘ። ሻጩ ከድርሻ ሰነዱ ጋር የጊፍት ኤይድ ቅጽ አያይዞ ይልክ ነበር። ጊፍት ኤይድ ማለት ግብር ከፋይ የሆነ ሰው አንድ ፓውንድ ሲለግስ መንግሥት ለበጎ አድራጎት ድርጅቱ 25 ሳንቲም የሚጨምርበት ሥርዓት ነው፤ የሚሠራው ግን ለስጦታ ብቻ ነው። የፈረስ ድርሻ የገዛ ሰው በገንዘቡ ልክ ድርሻውን ተቀብሏል፤ ከውድድሩ በፊት ፈረሶቹ በሚዞሩበት ክብ ሜዳ ገብቶ ከአሠልጣኙ ጋር ይቆማል፣ ፈረሱ ቢሸጥም የበኩሉን ያገኛል። በዚያ ክፍያ ላይ ጊፍት ኤይድ ብንጠይቅ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ሊመልስልን ቀርቶ ሊጠይቀን በተገባ ነበር። የተሞሉት ቅጾች መሳቢያ ውስጥ ነበሩ፤ ደግነቱ ማንም አልተጠቀመባቸውም።

አለቃዬ የሻጩን ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ጠርተው ተነጋገርን። ሰውየው አጭበርባሪ አልነበረም፤ ይህን ደጋግሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሳ ሰው ቶሎ ሌባ መፈለግ ይቀናዋል። ፈረሱ እንደሚያሸንፍ ከልቡ ያምን ነበር። ለእምነቱም ማስረጃ አድርጎ የቦብ ሻምፒዮንን ታሪክ አነሳ። ይህ ጋላቢ እ.ኤ.አ. በ1979 የዘር ፍሬ ካንሰር እንዳለበት ታውቆ ከከባድ ሕክምና በኋላ ድኗል፤ በ1981ም በእግር ጉዳት ሲሠቃይ በኖረ አልዳኒቲ በተባለ ፈረስ ላይ ተቀምጦ በኤይንትሪ ሜዳ የሚካሄደውን የብሪታንያ ዝነኛ ውድድር፣ ግራንድ ናሽናልን፣ አሸንፏል፤ በ1983 ደግሞ በስሙ የካንሰር በጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቁሟል። «ፈረስና ካንሰር እዚህ አገር አንድ ላይ የሚነሡት በዚህ ምክንያት ነው» አለን፤ እውነቱን ነበር።

እኔም ያንኑ ታሪክ ይዤ መለስኩለት። አልዳኒቲ ከውድድር ከተሰናበተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ጋላቢ እየተቀያየረለት ከለንደን እስከ ኤይንትሪ በእርምጃ ሄዶ ለዚያው ድርጅት ገንዘብ ተሰብስቦበታል። በዚያ ጉዞ ላይ ማሸነፍ የሚባል ነገር የለም፤ ፈረሱ እስከተራመደ ድረስ ገንዘቡ ይገባል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ፤ የእኛም ፈረስ ሰዎችን ወደ በጎ አድራጎቱ እንዲያደርስ እንጂ ገንዘቡን በሩጫ እንዲያመጣ መጠበቅ አልነበረብንም።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ለማካካስ ሁለት ድርሻ በነፃ ሊሰጠን ሐሳብ አቀረበ። የገንዘብ ማሰባሰቢያው ባልደረባዬ ወዲያው ተደሰተ፤ ሒሳብ ሹሟ ግን ብዕሯን አስቀምጣ ቀና አለች። የድርሻ ባለቤት በየወሩ ሒሳብ ይመጣበታል። ፈረሱ ለአንድ ዓመት ቢያርፍ፣ ለካንሰር ሕሙማን ተብሎ ከተሰበሰበ ገንዘብ ላይ የገለባና የሐኪም ዋጋ ልንከፍል ነው ማለት ነበር። የቦርድ አባላት በአደራ የያዙትን ገንዘብ እንዲህ ላለ ነገር አውጡ ማለት ከቶ የማይታሰብ ስለሆነ ስጦታውን በምስጋና መለስን። ነፃ ነገር ሲቀርብ እንዲህ ብዕር የሚያስቀምጥ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

በመጨረሻ የተስማማንበት ቀላል ነበር። ከእያንዳንዱ ድርሻ የመሸጫ ዋጋ ላይ ቁርጥ ያለ መጠን ተነሥቶ፣ ድርሻው በተሸጠ በቀጣዩ ወር፣ ፈረሱ ቢሮጥም ባይሮጥም ለድርጅታችን ይገባል። የሽልማት ገንዘብ ቢገኝ ከእሱም የተወሰነ መቶኛ በላዩ ይጨመራል፤ መቶኛውም ወጪ ሳይቀነስ ከጠቅላላው ሽልማት ይታሰባል። መጠኑ በማስታወቂያው ላይ ከአርማችን ሥር፣ በአርማው ልክ በጎላ ፊደል ይጻፋል። የጊፍት ኤይድ ቅጹ ከሰነዱ ወጣ፤ መለገስ የሚፈልግ ሰው ከድርሻው ግዢ ተለይቶ በቀጥታ ለእኛ ይለግሳል። ቀደም ብለው ስለተሸጡት ድርሻዎችም ሻጩ ድርጅት ቁርጡን መጠን ከራሱ ለእኛ ከፈለ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲፈርም ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ ዋጋውን ከፍ ካደረግሁ ገዢ ይሸሻል የሚል ሥጋት ነበረበት። ገዢዎች ግን እንደፈራው አልሸሹም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ቁጥሩን ሲያዩ እንደተማመኑ ነግረውታል።

ለአረጋዊቷ የደወልኩት ከፊርማው በፊት ነው፤ እስኪስተካከል ልጠብቅ ብል የተሸፋፈነ መልስ መስጠት ይሆንብኝ ነበር። እስካሁን ምንም እንዳልደረሰን፣ ለምን እንዳልደረሰንና ምን እየሠራን እንደሆነ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ ድርሻውን መመለስ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ፤ እንደሚችሉ ስነግራቸው ግን ለመመለስ አልፈለጉም። ባለቤታቸው የሚወዱት ፈረሱን እንደሆነና ካንሰሩን በተመለከተ ለብቻው ቼክ እንደሚልኩ አስረዱኝ። ቼኩም መጣ፤ በእርሱ ላይ ጊፍት ኤይድ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ጠየቅንም።

ክለሳው ሲደረግ አንድ ጥያቄ ብቻ ሳይቋጭ ቀርቶ ነበር፦ ፈረሱ ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሸጥ ከሽያጩ ለእኛ የሚደርስ ነገር አለ ወይ የሚለው። በእኔ አስተያየት መኖር የለበትም፤ የሽያጩ ገንዘብ የባለድርሻዎቹ ነው፣ የአሮጌ ፈረስ ቀሪ ዘመን ማሳደሪያም ከዚያው ቢወጣ ይሻላል። የገንዘብ ማሰባሰቢያው ባልደረባዬ በዚህ አልተስማማም፤ አንቀጹ በረቂቁ ላይ በሁለታችን ማስታወሻ ታጅቦ ለቦርዱ ቀርቧል።