ገና ከመግባታችሁ ለከፋችሁ ተማሪዎች

ዛሬ ውጭ አገር ትምህርት ከጀመሩ ልጆች ጋር ስናወራ አንድ ነገር ደጋግሞ መጣ፦ «መጀመሪያ ደስታ ነው፣ ጭንቀቱ ወራት ቆይቶ ይመጣል» ተብለዋል። ገና ከመግባታቸው ሲከፋቸው ታዲያ ጥፋቱ የራሳቸው ይመስላቸዋል። አይደለም! ሐሳቡን ያስፋፋው የኖርዌዩ ተመራማሪ ሊስጎርድ በ1955 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ነው። ተመራማሪዋ ኮሊን ዋርድና ባልደረቦቿ ግን ኒውዚላንድ የገቡ የጃፓን ተማሪዎችን በደረሱ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያም በ4፣ በ6 እና በ12 ወር ጠይቀው በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጭንቀቱ የበረታው ገና ሲገቡ ነበር።

እንቅልፍን አስቀድሙ። የሰዓት ልዩነቱ እስኪለመድ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሡ፤ ጠዋት ወጥታችሁ ብርሃን አግኙ። ቤተሰብ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት መደወል ያጽናናል፣ ግን እንቅልፉን መልሶ ያዛባዋል፤ ስለዚህ ቋሚ ሰዓት ቁረጡለት።

ክፍል ውስጥ ዝምታ ሲበዛ መምህሩ «ገብቷቸዋል» ብሎ ያልፋል። ከክፍል በፊት አንድ ጥያቄ ጽፋችሁ ግቡና ቶሎ ጠይቁ፤ በቆየ ቁጥር ይከብዳል። የቤት ሥራ የሚዘገይ ከሆነ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ለመምህሩ ጻፉ፤ ካለፈ በኋላ ማስረዳት እጅግ ይከብዳል።

ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ካልለቀቃችሁ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ (ያኔ አንድ ቀንም አትጠብቁ)፣ የትምህርት ቤቱን የምክር አገልግሎት ጠይቁ።