ስዕል ሳልችል ስዕል ሳስተምር

የክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት የተሰጠኝ ሎዴ፣ ማለትም በሳምንት ማስተማር ያለብኝ የክፍለ ጊዜ ብዛት፣ ስላልሞላ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። የሰለጠንኩት በሒሳብ ነው፤ ክፍለ ጊዜ ሲያንሰኝ ዩኒት ሊደሩ "ይቺን ደርቢያት፣ ቀላል ናት" አለኝ። መንግሥት ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ኤስቴቲክስ ይባል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ትምህርቱ የሎድ ማሟያ ነው። መጽሐፉ ስለ ቀለም ቅልቅል፣ ስለ ዜማ፣ ስለ ውዝዋዜ ያወራል። እኔ ሰው ስስል ደግሞ ልጆቹ "ቲቸር፣ ፍየል ነው?" ይሉኛል።

ስለዚህ የሚችል ሰው ፈለግኩ። አንዱ ሰፈራችን ያለ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ከሆነው "አለ" የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተመረቀ ወጣት ሰዓሊ ነው። ሌላው ካዛንቺስ ከመፍረሱ በፊት እዚያ አዝማሪ ቤት ይጫወቱ የነበሩ ማሲንቆ ተጫዋች ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው።

ሰዎቹን ማግኘት ቀላሉ ነበር። ጣጣው የሚጀምረው ከጊቢው በር ነው። ጥበቃው ደብዳቤ የሌለው ሰው አያስገባም፣ ርዕሰ መምህሩ ወረዳው ካላወቀ አይፈርምም፣ ወረዳው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ካልጻፈለት አያውቅም። እኔ "ፕሮጀክት" አላልኩም። ፕሮጀክት ሲባል በጀት ይነሳል፣ በጀት ሲነሳ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ከዓመታዊ ዕቅዴ አንድ ምዕራፍ ጠቅሼ፣ ለዚህ ምዕራፍ አጋዥ ባለሙያ ይግባልኝ የሚል አንድ ገጽ ጻፍኩ። ተፈረመ።

ዋናው ሥራ ግን ክፍል ውስጥ ሳይሆን ቡና ላይ ነው የተሠራው። ሰዓሊው ሸራና አክሪሊክ ይዞ ሊመጣ፣ ፊት ቆሞ እየሳለ ሊያሳያቸው ነበር ሐሳቡ። ቆንጆ ነው፣ ልጆቹም ያጨበጭባሉ፣ ግን ከዚያስ? ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለ፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ብሩሹን ለማን ሰጥተህ ማንን ታስቀራለህ? ተከራከርንና ከወጥ ቤት ለመጀመር ተስማማን። እርድ፣ ቀይ ሥር፣ የቡና አተላ፣ ከሰል፣ ቀይ አፈር። ወረቀቱ የካርቶን ቁራጭ፣ ብሩሹ መፋቂያ።

አንዲት ልጅ እጇን በሳሙና ታጥባ በደንብ ሳትለቀልቅ መጣችና እርድ የተቀባ ካርቶኗን ነካችው። ቢጫው ቀላ። "ቲቸር፣ ደማ!" ብላ ጮኸች። ሰዓሊው ዞር ብሎ አየኝ፤ ይህቺ የእኔ ተራ ናት። አመድ በውሃ በጥብጠን ሞከርነው፣ እሱም አቀላው። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ወደ ቢጫነቱ ተመለሰ። የዚያን ቀን የአካባቢ ሳይንስ እዚያው ስዕሉ ላይ ተማርን፣ ሰዓሊው ደግሞ ያችን የሳሙና ቀይ ወስዶ ፀሐይ ስትጠልቅ እንዴት እንደሚስሉባት አሳያቸው። ባለሙያ መጣልኝ ብሎ ስታፍ ሩም ገብቶ ደብተር የሚያርም መምህር ይህን አያገኘውም። ሁለታችንም ክፍል ውስጥ መሆን አለብን።

ጋሼ ማታ ማታ ስለሚሠሩ ጠዋት አይሆንላቸውም። ከሌላ መምህርት ጋር ተቀያይሬ ከሰዓት አደረግኩት፣ ሁለት ክፍለ ጊዜም አያያዝኩ፤ 40 ደቂቃ ዕቃ ተከፋፍሎ ልጅ እስኪቀመጥ ያልቃል። ጋሼ ማብራራት አይወዱም። ደጋኑን ለአንድ ልጅ ሰጡት፣ ቢጎትት ቢጎትት ማሲንቆው ዝም። ከዚያ ዕጣን አውጥተው የደጋኑን ጭራ አሹት፣ እንደገና ሰጡት፣ ጮኸ። ክፍሉም አብሮ ጮኸ (ጎረቤት ክፍል ስሞታ አቅርቦብን ከዚያ በኋላ ዛፍ ሥር ሆነናል)። ጣታቸው የማሲንቆው ጭራ ግማሽ ላይ ሲያርፍ ያው ድምፅ ቀጥኖ ይመጣል። በክር ለካነው፣ ክሩን ለሁለት አጠፍነው፣ ልክ ግማሽ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ እየከፈልኩ አልገባ ያላቸው አንድ ሁለተኛ በጆሮ ገባላቸው። ጋሼ ሳቁና "ይህን ሁሉ ዘመን ሒሳብ ስሠራ ነበር እንዴ?" አሉ።

ስለ ገንዘብም ላውራ። በነፃ ና ማለት ለአንድ ቀን ይሠራል። ሰውየው የሚበላው በዚሁ ሙያ ነው፣ ከሌላ ሥራ ቀርቶ ነው የሚመጣው። ወላጅ መምህር ኅብረቱን ለምኜ ትራንስፖርትና ትንሽ አበል አስፈቀድኩ። ትንሽ ብትሆንም በቀኗ መድረሷ ነው ቁም ነገሩ።

ከሰዓሊው ጋር የተጣላነው በወላጆች ቀን ነው። እሱ ምርጥ ምርጡን ለይተን እንስቀል አለ። እኔ ሁሉም ይሰቀል አልኩ፤ ወላጅ መጥቶ የልጁን ስዕል ፈልጎ ካጣ በሚቀጥለው አይመጣም። ገመድ ወጥረን ሁሉንም በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልን። እስካሁን ልክ አልነበርሽም ይለኛል፣ ስዕል እንደ ስዕል ካየነው እውነቱን ሳይሆን አይቀርም።

አሁን እሱ ሥራ በዝቶበታል፣ የእርዱንና የከሰሉን ነገር እኔው አስተምራለሁ። ማሲንቆው ግን ያለ ጋሼ አይሆንም፣ ልሞክርም አልፈልግም። መምህሩ ተምሮ የሚቀጥለው የትኛው ነው፣ ባለሙያው የግድ የሚያስፈልገው የትኛው ነው የሚለውን ከመጀመሪያው ብትለዩ ያለችውን አበል ለሁለተኛው ታውሏታላችሁ። መጀመር ያሰባችሁ ደግሞ መስከረምን አትጠብቁ፣ ነሐሴ ላይ ዩኒት ሊደሩን ያዙት። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ አንዴ ከተለጠፈ ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚያያይዝላችሁ ሰው አታገኙም።