ለድመት የተሳልኩት ስለት

እግዚአብሔር ይመስገን! በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ተስዬ ነበርና ይኸው። የሚስቅ ይሳቅ። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር።

ቤታችን ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ነበር። አባቴ ባረፈ በዓመቱ እማዬን ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቷም ተያዘ። እውነቱን ልናገር፤ እግዚአብሔርን አኮረፍኩት። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልፍ አልሳለምም። አንድ ማታ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ «ከእኛ ሌላ የምትመታው ሰው የለህም?» ብዬዋለሁ።

እማዬ ግን ውሮ ነበራት። ግራጫ ድመት ነው፣ አንድ ጆሮው ጫፉ የተቆረጠ። በድን የሆነው እጇ ሥር ገብቶ ይተኛል። ሐኪም ያዘዘውን የእጅ እንቅስቃሴ እኔን እምቢ እያለች፣ እሱን ግን በዚያው እጇ ልትዳብሰው ትታገላለች።

ያ ሌሊት ነሐሴ ላይ ነው። 8 ሰዓት ገደማ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት የለም። ውሮ በሩን እየቧጨረ ይጮኻል። «አንተ፣ ዝም በል!» ብዬ እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ውኃ ውስጥ ገባ። ስልኬን ሳበራ የእማዬ ነጠላ ጫማ ተንሳፎ ወደ እኔ ይመጣል። የጭቃው ግድግዳ ከሥር እየራሰ ጓል ጓሉ ይወድቃል። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ!» አልኩ። ስንት ጊዜ ከአፌ ያልወጣ ቃል፣ ራሱ ወጣ።

በሩን ብስበው፣ ብገፋው እምቢ አለ። ጮኽኩ። ለሌሊት ሰላት የተነሱት ጎረቤታችን ሀጂ ሰምተው ከነልጆቻቸው ደረሱ። በዶማ ፈልቅቀው ከፈቱልን። ዕድሜያቸውን ያርዝመው፤ ልጆቻቸውን ይባርክልኝ!

እማዬን አዘልኳት። በደህናው እጇ የአልጋውን ብረት ጨምድዳ ያዘች። «ውሮ» አለች። ውሮ ማገሩ ላይ ወጥቷል፤ ዓይኑ ብቻ ይበራል። እጄን ብዘረጋ ይባስ ወደ ጥግ ሸሸ። «ልጄ ውጣ፣ ግድግዳው!» አሉኝ ሀጂ። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ ወጣሁ። ጀርባዬ ላይ ሆና በተሳሰረ አንደበቷ «እመቤቴ ማርያም ሆይ» ትላለች። አጥሩ ጋ ሳንደርስ ግድግዳው ተናደ። በዚያ በኩል፣ አልጋዋ ላይ።

ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል።

ወደ ጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በታች ያለችው እህቴ ወሰደችን። እማዬ አፏን ገጠመች። ማንኪያ ሲጠጋት ፊቷን ታዞራለች። «ውሮስ?» ብቻ። ለድመት መጸለይ አፈርኩ። ሰው ቤቱ ፈርሶበት፣ በየት በኩል! ግን የእህቴን ዳዊት ስገልጥ «ሰውንና እንስሳን ታድናለህ» የሚለው ላይ ዓይኔ አረፈ። እዚያው ተንበርክኬ «እንግዲያውስ ያንን ድመት መልስልኝ። ጧፍ አበራለሁ፣ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» አልኩት። ኩርፊያው ገና አልለቀቀኝም ነበር፤ እሱ ግን ሰማኝ።

ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚማር የሰፈራችን ልጅ (እሱንም ይባርከው) እንዲህ አለኝ። የደነገጠ ድመት ብዙ ጊዜ ርቆ አይሄድም፤ ተደብቆ ባለቤቱ ብትጠራው እንኳ ዝም ይላል። ስለዚህ የእናትህን ጠረን የያዘ ልብስ ይዘህ፣ ሰው ጭር ሲል ሂድ።

ያልታጠበ ነጠላዋን ይዤ ፍርስራሹ ላይ እያነጠፍኩ ስመላለስ መስከረም ጠባ።

አንድ ማታ ቆርቆሮው ሥር ኮሽ አለ። ውሮ! አጥንቱ ገጥጦ፣ ፀጉሩ በጭቃ ተጣብቆ። እኔን ዞር ብሎም አላየኝ። ነጠላው ላይ ወጣ፣ አሸተተው፣ በፊት እግሮቹ ያሸው ጀመር። ጠቅልዬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። እስክንደርስ ክንዴን ቧጭሮ ጨረሰው፤ ባጃጅ ነጂው በሳቅ ሞተ።

እማዬ አልጋዋ ላይ ሳስቀምጠው አየችው። «የት ነበርክ አንተ ዱርዬ?» አለች። ከታመመች ወዲህ ከአንድ ሁለት ቃል በላይ ተናግራ አታውቅም! እህቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አጥሚት ስናቀርብላት ደግሞ «መጀመሪያ ለሱ» አለች።

የንስሐ አባቴን ለድመት ስለት ያስገባል ወይ ብላቸው «የኖኅን መርከብ ማን የሞላው መሰለህ?» ብለው ሳቁብኝ። ጧፉን አብርቻለሁ፤ ይኸው መሰከርኩ። እልል በሉልኝ!