የስድስት ዓመቷ ከሳሽ

እናቴ ከደብረ ብርሃን በደወለች ቁጥር ከሰላምታው ቀጥላ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ሚጣ ፊደል ቆጠረች ወይ?» አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ የምትኖረው እህቴም፣ የሚጣ እናት፣ መልሷ አንድ ነው፤ «ትቆጥራለች እማዬ፣ ምን አስቸኮለሽ?» ባለፈው ጥቅምት ልጠይቃቸው ስነሳ እናቴ በርበሬና ሽሮ አስይዛኝ ስታበቃ፣ «አንቺ አስተማሪ ነሽ፤ ትምህርት ቤት የሚሉትን ነገር በዓይንሽ አይተሽ እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ። አደራው ከበርበሬው ይከብድ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ፤ ያለፈው ዓመት ክፍሌ 63 ልጆች ነበሩበት። «አርፈህ ተቀመጥ» የሚለውን ቃል በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት እግዜር ይወቀው።

ከቦስተን ወደ ፍራሚንግሃም በባቡር ነው የሄድኩት። ዌልስሊ፣ ናቲክ እያለ የጣቢያዎቹን ስም ሲጠራ የት እንዳለሁ ገባኝ። የቦስተን ማራቶን ሯጮች ከሆፕኪንተን ተነስተው የሚሮጡት በእነዚሁ ከተሞች ውስጥ ነው፤ እኔ የምሄደው ወደ መነሻቸው ነበር። በአውሮፓውያኑ 1963 አበበ ቢቂላ እዚህ ሮጦ አምስተኛ ወጥቷል፤ ፋጡማ ሮባ ደግሞ ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፋለች። አጠገቤ ለተቀመጡት ሰውዬ ይህን ልነግራቸው አሰብኩና ተኝተው ስላየኋቸው ተውኩት።

በማግስቱ ጠዋት እህቴ እኔንና ሚጣን መኪና ውስጥ አስገብታ ወሰደችን። ሰድበሪ ቫሊ የተባለው ይህ ትምህርት ቤት በአውሮፓውያኑ 1968 የተከፈተ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ዳንኤል ግሪንበርግ የፊዚክስ ሰው ነበሩ። ግቢው አራት ሄክታር ያህላል። አሮጌ የድንጋይ ቤት፣ አንድ ጎተራ፣ አንድ ኩሬ፣ ከዚያ ወዲያ ደን። ሜፕል የሚሉት ዛፋቸው በዚያ ወቅት ቅጠሉ እንደ ፍም ይቀላል። እንግዳ ዝም ብሎ ዘው የሚልበት ቦታ ስላልሆነ እህቴ አስቀድማ አስፈቅዳልኛለች። ሚጣ መግባቷን ራሷ አስመዘገበችና፣ «አክስቴ፣ እዚህ ተቀመጪ፤ እኔ ሥራ አለኝ» ብላኝ ሄደች። ስድስት ዓመቷ ነው።

ደወል ስጠብቅ አልተደወለም። ሰልፍ የለም፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል የለም፣ ፈተናና ነጥብም የለም። ከአራት ዓመት ሕፃን እስከ አሥራ ስምንትና ከዚያም በላይ ያለው ሁሉ በአንድ ግቢ እንደልቡ ይውላል፤ ግዴታው ቢያንስ አምስት ሰዓት እዚያ መቆየት ነው። አንዱ ጊታር ይመታል፣ ሁለቱ ቼዝ ላይ አቀርቅረዋል፣ አንዲት ረጅም ልጃገረድ ሶፋ ላይ ተጋድማ ወፍራም መጽሐፍ ታነባለች። ጎልማሶቹን ሕፃናቱ በስማቸው ነው የሚጠሯቸው። መጀመሪያ ሰምቼ ክው ብያለሁ፤ እኔ የተማሪዬን እናት እንኳ ያለ «ወይዘሮ» ጠርቼ አላውቅም።

የሚጣ ሥራ ከሦስት ልጆች ጋር ከደኑ ዳር የጥድ ፍሬ መልቀም ነበር። አሥራ አንድ ፍሬ ሰበሰቡ፤ ለአራት መካፈል ጀመሩ። ሁለት ሁለት ደረሳቸው፤ ሦስቱ ተረፈ። እጄን አሳከከኝ። ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አውጥቼ እንዴት እንደማስተምረው በልቤ ተሰልቶ አለቀ። እነሱ ግን አንዴ አንዱ ሦስት፣ አንዴ ሌላው ሁለት እየያዘ፣ እየተነጫነጩ ሩብ ሰዓት ያህል ከደከሙ በኋላ የተረፉትን ሦስቱን «ለፈረሱ» ብለው አስቀመጡ። ፈረሱ እንጨት ነው። አንድም ጎልማሳ አልመጣም፤ እኔም ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ከወጉ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

ጥፋቱን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለበረደኝ ቤት ገብቼ ወንበር ላይ የተደረደሩ የእንጨት ኩቦችን ገለል አድርጌ ተቀመጥኩ። ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመና ያ ድልድይ እንደነበር፣ ማንንም ጠይቄ እንደሆነ በጨዋ ደንብ ጠየቀኝ። ይቅርታ አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ ይቅርታ ከጠየቅሽ ክስ አላቀርብም አለኝ። ያሾፈ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ክስ ማለቱ እውነቱን ነበር። የቤቱ ሕግ በየሳምንቱ በሚቀመጥ ሸንጎ ይወጣል። የአራት ዓመቱም ልጅ የስድሳ ዓመቱም ሠራተኛ አንድ አንድ ድምፅ አላቸው፤ ሕግ የሚሻረው፣ ገንዘብ የሚመደበው በዚሁ ድምፅ ነው። ሕግ የተላለፈ በጽሑፍ ይከሰሳል፤ የሚያየው በአብዛኛው ከተማሪዎች የተውጣጣ የዳኝነት ኮሚቴ ነው። ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ አስተማሪዎቹ በየዓመቱ በምሥጢር ድምፅ የሚመረጡ መሆናቸው ነው፤ ድምፅ ያጣ በሚቀጥለው ዓመት አይቀጠርም። ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ከስድሳ ሦስቱ ስንት ድምፅ እንደማገኝ ስቆጥር አመሸሁ። ሠላሳ ላይ ስደርስ ተውኩት።

ያኑ ዕለት ረፋዱ ላይ ሚጣን ጠሯት። ለካስ እሷም ከሳሽ ናት! አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ከካርቶን የሠራችውን ቤት ረግጦባት፣ መጻፍ ስለማትችል ክሱን ለአንዲት ትልቅ ልጅ በቃሏ ነግራ አስጽፋለች። አብሬያት ልገባ ብድግ ስል እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«አንቺ ምስክር አይደለሽም» አለችኝ፣ በዚያ ተሰባባሪ አማርኛዋ።

ውጭ ቀረሁ። በሩ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ስለ አባቴ ነው። አባቴ የተማረው የኔታ ዘንድ፣ ዛፍ ሥር ነው። እዚያም የክፍል ደረጃ አልነበረም፤ አንዱ ፊደል ሲቆጥር፣ አጠገቡ ያለው መልእክተ ዮሐንስ ሲያነብ፣ ትልቁ ዳዊት ሲደግም፣ ሁሉም በየራሱ እርምጃ ይሄድ ነበር፤ ቀድሞ ያወቀው ለታናሹ ያስቆጥራል። ስለዚህ የዕድሜ መቀላቀሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኔታ ግን አለንጋ ነበራቸው፤ አባቴ ገላው ላይ የነበረውን ጠባሳ እስኪሞት ድረስ «የሁ ካዕብ ምልክት» ይለው ነበር። ተማሪ ሌላውን ተማሪ በዳኛ ፊት ልክሰስ ቢል ሁለቱም ይገረፉ ነበር። አሜሪካ መጥቼ ያየሁት አዲስ ነገር ጨዋታው አልነበረም። ይህ በር ነው።

ፊደሉስ? እህቴን ማታ ወጥ ቤት ውስጥ አፋጠጥኳት። ግሪንበርግ የጻፉትን ነገረችኝ፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸው አሥራ ሁለት ልጆች ሒሳብ አስተምሩን ብለው መጥተው፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እየተማሩ በ20 ሳምንት ስሌቱን ሁሉ ጨርሰዋል። ፒተር ግሬይ የተባሉ የቦስተን ኮሌጅ የሥነ ልቦና ምሁርም ከባልደረባቸው ጋር የቀድሞ ተማሪዎችን አነጋግረው በአውሮፓውያኑ 1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ኮሌጅ መግባት የፈለጉት በአብዛኛው እንዳልተቸገሩ ጽፈዋል። እኔም ጠየቅኳት፤ ሃያ ሰዓት የበቃቸው ራሳቸው ፈልገው የመጡት ናቸው፤ ሳይመጣ የሚቀረውስ? ከፍሎ እዚህ የሚልክ ወላጅስ ቤቱ በመጽሐፍ የተሞላ አይደለም ወይ? ለእኔዎቹ ስድሳ ሦስት ማን ያነብላቸዋል? በእኛ አገር አንደኛ ክፍል መግቢያው ሰባት ዓመት ስለሆነ ሚጣ ገና እንዳልረፈደባት ግን አልካድኩም። እህቴ ሽንኩርቱን መክተፏን አቆመችና፣ «እትዬ፣ አንዳንድ ሌሊት እኔም ፈርቼ እንቅልፍ አጣለሁ» አለችኝ። አላባበልኳትም፤ ቢላዋውን ተቀብዬ ከተፍኩ።

እናቴ የደወለችው እራት ላይ ነው። እውነቱን ልነግራት አፌን ስከፍት ሚጣ ስልኩን ነጠቀችኝ።

«እማማ፣ ዛሬ ሰው ከሰስኩ!»

ወዲያ ማዶ ዝም ተባለ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ ሳላስበው ደመቅ ብሏል። ለነገሩ አያቴ የታወቁ ተሟጋች ነበሩ፤ እናቴ ያደገችው «በላ ልበልሃ» እየሰማች ነው።

«ዳኛሽ ማን ነበር?»

«ትልቅ ልጅ። አሥራ አራት ዓመቱ።»

«ረታሽ?»

ቃሉን እህቴ ተረጎመችላት። «አዎ! ሁለት ቀን እኔ የምጫወትበት ክፍል አይገባም!»

«እሰይ የኔ ልጅ! ዋስስ ጠርቷል?»

ሚጣ ስልኩን በትንሽ መዳፏ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች።

«አክስቴ፣ ዋስ ምንድን ነው?»