የታዘዘውን አንሣ

ሰውየው የኮምቦልቻ ነጋዴ ናቸው። አዲስ አበባ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ) ተደርጎላቸው፣ ከትልቁ አንጀታቸው ፖሊፕ የሚባል ትንሽ እበጥ ተቆርጦ ቤታቸው ከገቡ በኋላ፣ ሆዳቸው ተነፍቶና ትኩሳት ይዟቸው ደሴ እኔ ራጅ አንሺ ሆኜ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጡ። ተረኛው ሐኪም «አብሽሩ አባባ፣ በምርመራው ጊዜ የገባ አየር ነው፤ ይወጣል» አላቸውና ተኝተው የሆድ ራጅ እንዲነሡ ጽፎ ላካቸው።

እውነት ነው፣ ለምርመራው አየር ይነፋል፤ ነገር ግን እሱ ፈስ ሲወጣ በሰዓታት ውስጥ ይቀላል። እኚህ ሰው የሐረጎን ዳገት ሲወጡ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ይጮሁ እንደነበር ልጃቸው ነገረኝ። የሆድ ዕቃ ሽፋን ሲቆጣ እንዲህ ነው። ስልክ ደወልኩ።

«ዶክተር፣ ደረታቸውን ቆመው ላንሣቸው?»

«የታመሙት ሆዳቸውን ነው እኮ! ደረት ምን አመጣው?»

«ከአንጀት የወጣ አየር ካለ ሲቆሙ ከዲያፍራም ሥር…»

«የታዘዘውን አንሣ።» ስልኩ ተዘጋ።

የታዘዘውን አነሣሁ፤ ያልታዘዘውንም ጨመርኩበት። አስቀድሜ ግን ዐሥር ደቂቃ ያህል ቀና አድርጌ አስቀመጥኳቸው፤ ትንሽ አየር ወደ ላይ ለመሰብሰብ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ የቸኮለ ሰው ንጹሕ ራጅ ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ልጃቸው ደግፏቸው ቆሙ። በቀኝ በኩል፣ በጉበትና ደረትን ከሆድ በሚለየው ጡንቻ፣ በዲያፍራም መካከል ማጭድ የመሰለ ቀጭን ጥላ ጠቁሮ ታየ፤ ከአንጀት ያመለጠ አየር ነው። በግራ ቢሆን የጨጓራ አየር ነው ተብሎ ክርክር ይነሣ ነበር። ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና ገቡ፤ አንጀታቸው ተበስቶ ተገኘ፣ ተሰፋ፣ ዳኑ።

በማግስቱ በሞርኒንግ ስብሰባ ላይ ተረኛው ሐኪም «መበሳት ስለጠረጠርኩ ቆመው እንዲነሡ አደረግሁ» ሲል ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁት። «ሆድ፣ ተኝቶ» የሚለው የራሱ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። ማብራሪያው ግን፣ አልዋሽም፣ ጥሩ ነበር፤ ቀዳዳው በአንጀቱ የጀርባ በኩል ከሆነ ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል ሲቲ ስካን እንደሚያስፈልግ፣ ፖሊፕ ሲቆረጥ የሚደርሰው ቃጠሎ ብቻውን፣ አንጀት ሳይበሳ፣ ተመሳሳይ ሕመምና ትኩሳት እንደሚያመጣ፣ ደም መፍሰስም ከቀናት በኋላ ሊመጣ እንደሚችል በሚገባ ዘረዘረ። ሲያነብ ማደሩ ያስታውቃል።

ከዚያ ወዲህ እሱ ተረኛ በሆነበት ሌሊት ለሆድ ቁርጠት ሁሉ «ደረት፣ ቆሞ» ይታዘዛል። በቅርቡ ከመኪና አደጋ የመጣ፣ እግሩ የተሰበረ ልጅ ይህንኑ ወረቀት ይዞ በቃሬዛ ገባ። መቆም የማይችል ሰው በግራ ጎኑ ተኝቶ ይነሣል፤ እንደዚያው አነሣሁት። ስልክ አልደወልኩም።