ከቀበሌ የወጣቶች ሊግ እስከ ዞን

የሰፈራችን ልጅ ፖለቲካ የጀመረው በቀበሌ የወጣቶች ሊግ ነው። ያኔ የአማራ ክልል ገዥ ፓርቲ ብአዴን ይባል ነበር። መስከረም 2011 ላይ አዴፓ ሆነ። በ2012 ደግሞ ፓርቲው አባል የነበረበት ግንባር፣ ኢሕአዴግ፣ ከስሞ ብልጽግና መጣ። እሱም በዚህ ሁሉ መሀል ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ዞን ወጣ። አሁን ከኃላፊነት ወርዷል።

ዛሬ ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣን ብዙ አወጋን።

እኔ የማልረሳው ግን የሊጉን ዘመን ነው። ሥራ ያጡ ልጆችን ሰብስቦ በኮብልስቶን ማኅበር ያደራጅ ነበር። ጫፉ የተላላጠ አጀንዳ ከጃኬቱ ኪስ አይጠፋም። የማን እናት እንደታመመች፣ ማን የቤት ኪራይ እንዳለበት ሳይቀር ይጽፍበታል። ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣም መመሪያ አይጠቅስም። «እነ እማማ ቤት ውሃ ከጠፋ ሰነበተ፤ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል። ለዚህ ነበር የምንወደው።

«ዞን ስትገባስ?» አልኩት፤ «ምን ተለወጠ?»

«ባለጉዳይ በር ላይ ይጠብቀኛል፣ እኔ ሪፖርት እሞላለሁ። ሲመሽ ሁላችንም ወደ ቤታችን» አለኝ።

በጣም አዘንኩ። ከታች ሰው አውቆ የመጣን ልጅ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ትልቅ ኪሳራ ነው። እንደ እሱ ያሉ ስንት አሉ!

የሰፈራችን ወጣቶች የውሃውን ጉዳይ ይዘው ማዘጋጃ ቤት ሊሄዱ ነው። አብሯቸው እንዲሄድ ለመንኩት። እሺ ብሎኛል።